ለግቢ በርና ለመስኮት ብረት ጎበዝ በያጅ በምን ይታወቃል?

የጎሮዋ | ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጎሮ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለን። የዛሬ ሁለት ዓመት የግቢ በር አሠራን። በያጁን ያገኘነው በሰው በሰው ነው። ከሌሎቹ በጣም ቀነሰልን። "ላሜራው 1.5 ነው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ በር ነው" አለኝ። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁት። ሲያልቅ በሩ ያምራል፣ ጥቁር ቀለሙ ያብረቀርቃል። ቀሪውን ከፍዬ መርቄ ሸኘሁት።

ክረምቱ እንኳን አልወጣም። ነሐሴ ላይ የመኪናው በር ግራ ክንፍ ወርዶ መሬት መጫር ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሩን በትከሻዬ አንስቼ ነው የምከፍትላት። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀለሙ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ በቢላ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ነጭ ነገር ተፈረፈረ። ስቱኮ ነው፣ ቀዳዳ የሚሞላበት ሊጥ። ከሥሩ ያለው ብየዳ ከላይ አንድ ነጥብ፣ ከታች አንድ ነጥብ፤ መሃሉ ባዶ። የትንሿ ጣቴ ጥፍር ይገባበታል። ደወልኩለት፤ ስልኩ አይሠራም።

አሁን በሩን እንደገና ልናሠራ ነው። አብሮ ለምድር ቤት አምስት መስኮቶች ፍርግርግ፣ ለደረጃውም መደገፊያ እንፈልጋለን። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 9 ዓመቷ፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው።

ብረት የማላውቅ ሰው ጎበዝ በያጅን በምን ልለየው? ዕቃውን ራሴ ልግዛ ወይስ ለእሱ ልተው? ክፍያውስ እንዴት ቢሆን ይሻላል?


የአያቱ ልጅ | ጥቅምት 6

አይዞሽ እህቴ። እኛንም በዚሁ መንገድ ነው የበሉን። ክር እከተላለሁ፣ እኔም በረንዳ ላሠራ ነው።


ኮልፌ በያጅ | ጥቅምት 6

እህቴ፣ የተደረገብሽ ነገር በሙያዬ ስም የተደረገ ስለሆነ አዝኛለሁ። እኔ ኮልፌ ነው የምሠራው፤ 19 ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢ። ብየዳ የሚታየው ሳይቀባ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ የእኔም ሥራ የዚያ ሰውዬም ሥራ አንድ ይመስላል። ስለዚህ ውሉ ላይ "ሥራው ቀለም ሳይነካው፣ ስቱኮ ሳይነካው ባለቤት ያየዋል" ብለሽ አስጽፊ። ይሄን የሚቃወም በያጅ ካለ አመስግነሽው ሂጂ።

ስታዪው ምን ታያለሽ? ጥሩ ብየዳ እንደ ሹሩባ ጉንጉን ነው። እኩል እኩል ተደርድሮ፣ ከመጋጠሚያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። መጥፎው ጉብ ጉብ ያለ፣ የመርፌ ቀዳዳ የበዛበት፣ ወይም ብረቱን ዳር ዳሩን በልቶ ቦይ ያወጣበት ነው። ጥቁሩ ቅርፊት በመዶሻ ሳይነሳ ከቀረ ቀለሙ አብሮት ይረግፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም በግራይንደር ልጦ ያለሰልስልሻል። ለዓይን ያምራል፣ ግን ከመጠን በላይ ከተሞረደ የያዘው ብየዳ ራሱ አብሮ ይሄዳል። እጅ የሚነካው ቦታ ይሞረድ፤ ሌላውን እንዳለ ተይው።

በያጅ ስትመርጪ አዲስ ሥራውን አትጠይቂው። ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ አዲስ ነው። ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት በር የት እንዳለ ጠይቂውና ሄደሽ እዪ። ባለቤቶቹን አንኳኪ፣ "ይወርዳል? ይጮሃል?" በያቸው። የበሩን ታችኛውን ጠርዝ ጎንበስ ብለሽ እዪ፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወርክሾፑ ስትሄጂ ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በኤል ቅርጽ እንዲበይድልሽ ጠይቂው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲቀዘቅዝ ሞርሳ (ብረት ማሰሪያው) ላይ አስሮ በመዶሻ ይምታው። ቱቦው ታጥፎ ብየዳው ከያዘ ሰውዬው ይችላል። ብየዳው ላይ ተላቆ ከወደቀ በሩም እንደዚያው ነው። ለጠፋበት ጊዜ የሻይ ብትሰጪው ግን ጥሩ ነው፤ ኤሌክትሮድም ብር ነው።


የድሮ ፎርማን | ጥቅምት 7

ልጄ፣ እኔ ግንባታ ላይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ብረቱ ውፍረት ልንገርሽ፤ ያቺን "1.5 ነው" የምትል ቃል አላምናትም።

ዓይን አይለየውም፤ ሚዛን ግን ይለየዋል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ ውፍረቱ በትክክል 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። 0.8 ከሆነ 12 ኪሎ ተኩል ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለቱቦላሬም እንዲሁ ነው። 40 በ40 የሆነው፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ፣ 1.5 ውፍረት ከሆነ 10 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። 1.2 ከሆነ 9 ኪሎ አይሞላም። ሚዛን ከሌለ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘሽ ሂጂ። የምትለኪው የተቆረጠበትን ጫፍ ነው፤ ግን ቆረጣው ጥሎት የሄደውን እሾህ መጀመሪያ በሞረድ አንሺው፤ አለዚያ ቀጭኑ ብረት ወፍራም መስሎ ይነበብልሻል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ዕቃውን ራስሽ ግዢ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ወይም ሰፈርሽ ካሉት ሱቆች ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቂ፣ በደረሰኝ ግዢ፣ አስጭነሽ አምጪ። ለበያጁ የእጁን ብቻ ክፈይ።


ኮልፌ በያጅ | ጥቅምት 7

ጋሼ፣ ሚዛኑን በደንብ ነው ያስቀመጡት። ዕቃ ራስሽ ግዢ በሚለው ግን ትንሽ እከራከርዎታለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ብረት የሚገዛው በቆረጣ ታስቦ ነው። ዘንጉ 6 ሜትር ነው። መስኮቱ 2 ሜትር ከ10 የሚቆም ብረት ከፈለገ ከአንድ ዘንግ ሁለት ይወጣል፣ 1 ሜትር ከ80 ይተርፋል። በአምስት መስኮት አስሉት። ጎበዝ በያጅ ያንን ትራፊ ለአግዳሚው ያውለዋል፣ ወይም ሥዕሉን ትንሽ ያስተካክልና ከአንድ ዘንግ ሦስት ያወጣል። የማያውቅ ሰው ሱቅ ሄዶ "20 ዘንግ ስጠኝ" ሲል ግማሹን ለቁርጥራጭ ነው የሚገዛው።

የምመክረው ሁለታችሁ አብራችሁ እንድትሄዱ ነው። በያጁ ዝርዝሩን ያውጣ፤ አንቺ ሱቁ ላይ ቆመሽ ክፈይ፤ ደረሰኙም በአንቺ ስም ይሁን። ቁርጥራጩ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እሱ በኪሎ ይሸጠዋል፤ ጥል የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የብረት ዋጋ ይዞ መቀመጥ ከባድ ሆኗል። ዛሬ የነገርኩሽን ዋጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ አላውቀውም። በያጅ "ይህ ዋጋ ለአምስት ቀን ነው" ቢልሽ ሊያታልልሽ አይደለም። የሚያስፈራው ብረቱን ሳያይ ለወር የሚቆርጥልሽ ነው። ብረቱ ሲወደድበት ከየት ያመጣዋል? ከውፍረቱ ነው የሚያወጣው።


የድሮ ፎርማን | ጥቅምት 7

አብሮ መሄዱን ተቀብያለሁ። ይሻላል።


አባዶ ኮንዶሚኒየም | ጥቅምት 8

እኔ ስለ መስኮቱ ፍርግርግ ነው የምጽፈው፤ እባክሽ ይሄን አንብቢው።

እኛ ብሎክ ላይ አንደኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ቤት እሳት ተነሳ። ወጥ ቤቱ ከመውጫው በር አጠገብ ነው። እሷ ገበያ ሄዳለች፤ ሁለት ልጆቿ መኝታ ቤት ናቸው። በሩ በኩል ጭሱ አያስገባም። መስኮቱ ላይ ደግሞ ወፍራም ፍርግርግ አለ፣ ከአራቱም ጎን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ። ልጆቹ ብረቱን ይዘው ይጮሃሉ። እኛ ከውጭ መሰላል ላይ ቆመን በፌሮ ልንገነጥለው ስንታገል፣ ያቺን ደቂቃ እስካሁን በሕልሜ አያታለሁ። አንዱን ጥግ ፈልቅቀን ልጆቹን በቀዳዳው አወጣናቸው። ትንሹ ጎኑ በብረቱ ተጭሯል፤ ሌላ ምንም አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም አስቀየርን። ልጆች በሚተኙበት ክፍል ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ጓጉንቸሩ ከውስጥ ይሁን። ቁልፉ ከመስኮቱ አጠገብ ይንጠልጠል፤ ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ ትልቋ ልጅሽ ግን የምትደርስበት ቦታ። በጨለማ ከፍታ እንድታሳይሽም አለማምጃት። በያጁ "የሚከፈት ከሆነ ሌባ ይገባል" ይልሽ ይሆናል። አይገባም። ማጠፊያው ከውስጥ ከሆነና በደንብ ከተበየደ ሌባው ከውጭ የሚነካው ነገር የለም።


የጎሮዋ | ጥቅምት 8

አባዶ፣ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ያለን የፎቁ ፍርግርግ ሁሉ የተቀበረ ነው። በጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር። የልጆቹን ክፍል ቀድሜ አስቀይራለሁ። ተባረኪ።


ሜሪላንድ ነኝ | ጥቅምት 8

ለገጣፎ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ወንድሜ ነው የሚከታተልልኝ። ለደረጃው መደገፊያ አንድ ነገር ልበል።

እዚህ አገር ለመኖሪያ ቤት የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ ሲሠራ፣ በብረቶቹ መካከል ወደ 4 ኢንች ገደማ ስፋት ያለው ኳስ እንዳያልፍ ይጠየቃል። 10 ሳንቲም ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሕፃን ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ እንዳይቀር። አገር ቤት የላኩልኝ ሥዕል ላይ ክፍተቱ 18 ሳንቲም ነበር። ደግሞ አግዳሚ ብረቶች ነበሩ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። ያማረ ነው፣ አሁን ፋሽን ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ያ መሰላል ነው። ቋሚ አድርጉት ብዬ አስቀየርኩ።

ልጅሽ ትንሽ ስለሆነ ነው የነገርኩሽ። በሜትር ለክተሽ አፉ 10 ሳንቲም የሆነ ጣሳ ፈልጊ። በየክፍተቱ ሞክሪ፤ ካለፈ አትቀበይ።

ከሩቅ ለምትከታተሉ ደግሞ፦ ፎቶ ስትቀበሉ ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት ይሁን። "አልቋል" የሚል ፎቶ እኔን ሁለት ጊዜ ዋጋ አስከፍሎኛል።


የአያቱ ልጅ | ጥቅምት 9

ጥያቄ አለኝ። ብየዳው ግቢዬ ውስጥ ከተሠራ ቆጣሪዬን ያቃጥላል ይሉኛል። እውነት ነው?


ኮልፌ በያጅ | ጥቅምት 9

የአያቱ፣ ዋናው ሥራ ወርክሾፕ ቢያልቅ ነው የሚሻለው። ቤትህ መጥተን የምንሰቅለውንና የምናጣብቀውን ብቻ እንበይዳለን። የሰፈሩም ሰው በጩኸቱ አይረበሽም።

ቤት ውስጥ ስንበይድ ብዙ ጊዜ የምጣዱን መስመር ነው የምንጠቀመው፤ ሽቦው ወፍራም ነው። ግን እንጀራ እየተጋገረ አይሆንም። አንዱ ይጠብቅ። ኢንቨርተር ማሽን ከሆነ የሚስበው ኃይል ከድሮው ከባዱ ማሽን ያነሰ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ንቀል፣ መብራቱ ሲወርድና ሲወጣ ይጎዳቸዋል። አንድ ነገር ግን እንዳትፈቅድ። ባዶ ሽቦ ቆጣሪው ላይ አንጠልጥሎ የሚበይድ ካለ አስቁመው። ብሬከር ባለው መስመር ካልሆነ ሥራው ይቅር። ገመዱም የተቀጣጠለና የተላጠ እንዳይሆን፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ይቁም።

ደግሞም የእሳቱ ፍንጣሪ ሩቅ ይሄዳል። ፍራሽ፣ ቲነር፣ የጋዝ ሲሊንደር ከአጠገቡ አንሱ። ሥራው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። እሳት ተደብቆ ይቆያል።


ነርሷ | ጥቅምት 10

ስለ ዓይን ማንም አላነሳም። በክሊኒካችን ብየዳ ዓይናቸውን የመታቸው ሰዎች ይመጣሉ። ግማሾቹ በያጅ አይደሉም፤ ቆመው ሲያዩ የነበሩ ናቸው። ልጆች ብልጭታው ደስ ይላቸዋል።

ችግሩ ያኔውኑ አያምም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆይና ሌሊት ላይ ይነሳል። ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን አያስችልም። እናቶች በድንገት ነው የሚደነግጡት፤ "ቀን ደህና ነበር" ይላሉ። አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። ግን ዓይን አትሹ፤ ድንች፣ የእናት ጡት ወተት፣ የሻይ ቅጠል አታድርጉ። ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ ወደ ጤና ተቋም አምጡ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት አትጠቀሙ፤ ሕመሙን ይደብቅና ቁስሉን ያብሰዋል።

የጎሮዋ፣ የሚሰቀልበት ቀን ልጆቹን ዘመድ ቤት ላኪያቸው።

ለበያጆቹም፦ የፀሐይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም። ከሥሩ የሚያልፈው ጨረር አይታያችሁም።


ኮልፌ በያጅ | ጥቅምት 10

ነርሷ እውነት ነው። እኔም በልጅነቴ ሁለት ሌሊት አልቅሻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበሰ) ብረት ስንበይድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለናል። አሠሪዎቻችን ወተት ይገዙልናል። ይረዳል?


ነርሷ | ጥቅምት 10

ወንድሜ፣ ወተቱ ምግብ ነው፣ ጠጣው፤ ከጭሱ ግን አያድንህም። ጭሱ የሚገባው ሳንባህ ውስጥ ነው፤ ወተቱ የሚገባው ሆድህ ውስጥ። ያ ብርድ ብርድ የሚልህ የዚንኩ ጭስ ነው። ጉንፋን ይመስላል፤ አፍህም ብረት ብረት ይልሃል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቅቃል፤ ግን በየጊዜው ሰውነትህን መፈተኑ ልክ አይደለም። የሚበየደው ቦታ ላይ ያለውን ሽፋን ቀድመህ በግራይንደር አንሳ፤ ስትሞርድም አፍህን ሸፍን። አየር ባለበት ቦታ፣ ነፋሱ ከጎንህ እየመጣ ሥራ። ትንፋሽ የሚያጥርህ ከሆነ ቶሎ ታከም።

አሠሪዎችም ወተት ከምትገዙ ደህና ማስክ ግዙላቸው።


ኮልፌ በያጅ | ጥቅምት 10

19 ዓመት ሙሉ ወተት ጠጥቻለሁ። ለልጆቼ ለረዳቶቼ እነግራቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።


የጎሮዋ | ጥቅምት 17

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ሦስት ቦታ ሄድኩ። የመጀመሪያው የሙከራውን ነገር ሳነሳ "እኔን ልትፈትኚኝ ነው?" ብሎ ተቆጣ። ወጣሁ። ሁለተኛው በየደ፣ መታው፣ ሳይለቅ ቀረ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አሮጌ ሥራ አሳየኝ ብለው "ሁሉም ደንበኞቼ ሩቅ ናቸው" አለኝ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። ተግባረ ዕድ ተምራ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅተው ሼድ ውስጥ ይሠራሉ። ሙከራውን ስጠይቃት ኤሌክትሮዱን አሳየችኝ። "ለዚህ ቀጭን ቱቦ ባለ 2.5 ሚሊውን ነው የምጠቀመው፤ በ3.2 ብይዘው ይበሳል" አለች። በየደችው። ቅርፊቱን በመዶሻ አነሳች። ከዚያ መዶሻውን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ምቺው" አለችኝ። መታሁት፣ መታሁት፤ ቱቦው ተጨማደደ፣ ብየዳው እንዳለ ነው። ሰሚት የሠራችውን በርም አየሁ። ሦስት ክረምት አልፎበታል። ባለቤቲቱ በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ።

በእጅ የተጻፈ ውል አዘጋጅተናል። ሥዕሉ ከነልኩ፣ የላሜራውና የቱቦላሬው ውፍረት፣ ፍሬሙ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚበየድ መሆኑ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አንድ እጅ፣ ቀለም ሁለት እጅ፣ ሳይቀባ የማየት መብቴ፣ መብራት ከጠፋ ቀኑ በዚያው ልክ እንደሚራዘም። ዕቃውን አብረን ገዛን። ቁርጥራጩ የእሷ ነው፤ በዚያ ምክንያት ከእጅ ዋጋው ቀነሰችልኝ። ከእጅ ዋጋው 30 ከመቶ አሁን ሰጠሁ። 40ው ሳይቀባ ካየሁ በኋላ ነው፤ 30ው ተሰቅሎ ሳምንት ሲሞላው።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ በሩ ነው። መውረዱን የሚከለክለው ምንድን ነው?


የድሮ ፎርማን | ጥቅምት 17

ጎበዝ ልጅ። ምን ያህል ስፋትና ከፍታ ነው?


የጎሮዋ | ጥቅምት 17

3 ሜትር ተኩል ስፋት፣ 2 ሜትር ከ40 ቁመት። ሁለት ክንፍ ነው። የሰው መግቢያዋ ለብቻ ናት።


የድሮ ፎርማን | ጥቅምት 17

ላሜራው ብቻ ወደ 99 ኪሎ ነው፤ ፍሬሙ ሳይቆጠር። ያ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በማጠፊያው ላይ ነው።

ለአንድ ክንፍ ሦስት ማጠፊያ ይሁን፤ የታችኛው ኩሽኔታ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ማጠፊያው ከላሜራው ላይ አይበየድ፤ ከፍሬሙ ላይ ይበየድ። በኮለኑ በኩል ያለው ብረት ፕላስተር ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከኮለኑ ፌሮ ጋር የተያያዘ ይሁን። አሁን ያለው በርሽ የወረደው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል፤ ነቅለሽ እዪው።

በክንፉ ውስጥ ደግሞ ከማጠፊያው በኩል ካለው የታች ጥግ ተነስቶ፣ በመቀርቀሪያው በኩል ወዳለው የላይ ጥግ የሚወጣ ሰያፍ ብረት ይግባ። እሱ ነው በሩን የሚሸከመው።

ሳይቀባ ስታዪው እያንዳንዱን ክንፍ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኪ፤ ሁለቱንም አቅጣጫ። እኩል ከሆኑ በሩ ስኳድራ ነው፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ችግር የለም፤ 1 ሳንቲም ከተለያየ ይመለስ። የአንቺ ክንፍ 1 ሜትር ከ75 በ2 ሜትር ከ40 ከሆነ 297 ሳንቲም ይመጣልሻል።

ቆሞ የሚቀር ቱቦ ሁሉ አናቱ ይዘጋ። ክፍት ቱቦ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣና ከውስጥ ይበላል፤ አንቺ የምታዪው ሲበሳ ነው። ከታችኛው አግዳሚም በሥሩ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ የገባው እርጥበት መውጫ ይኑረው።


የጎሮዋ | ኅዳር 4

ዛሬ ሳይቀባ አየሁት።

መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶባቸው ቀኑ ተገፍቷል፤ ውላችን ላይ ስለነበረ ቃል አልተለዋወጥንም። ሜትር፣ ካሊፐርና ጣሳ ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ "ፈታኝ ሆነሽ ቀረሽ" አለኝ።

ላሜራው 1.5 ነው። የግራው ክንፍ 297 እና 297። የቀኙ 297 እና 297 ከ2 ሚሊ። በየመጋጠሚያው ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት አየሁ። ሹሩባ ያላችሁኝን አሁን ገባኝ፤ በጣት ሲነካ እንኳን ይታወቃል። አንድ ቦታ፣ ከመካከለኛው ማጠፊያ ጀርባ፣ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ማለት አፍሬ ነበር፤ ትንሽ ነገር መሰለኝ። ግን ጠራኋትና አሳየኋት። አየችው፤ ምንም አላለችም፣ ግራይንደሩን አነሳች። ያንን ቦታ ሙሉ በሙሉ አንስታ እንደገና በየደችው። ከዚያ "ይሄን ባታዪልኝ ኖሮ ዝናብ ያይልሽ ነበር" አለችኝ።

የደረጃው ክፍተት ጣሳውን አላሳለፈም። አንድ ቦታ ብቻ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ለቀቅ ያለ ነበር፤ አንድ ብረት ጨመረችበት። የልጆቹ መኝታ ቤት ፍርግርግ ይከፈታል። 40 ከመቶውን እዚያው ቆሜ ላኩላት።


አባዶ ኮንዶሚኒየም | ኅዳር 4

ፍርግርጉ መከፈቱን ሳነብ ደስ አለኝ። ቁልፉን መስቀልሽን እንዳትረሺ።


ኮልፌ በያጅ | ኅዳር 5

እህቴ፣ ያቺን ቀዳዳ ማሳየትሽ ትክክል ነው። አታፍሪ። እኛም ደክሞን ያመልጠናል፤ ደህና በያጅ ሲነገረው ይደሰታል።

ሲቀባ እነዚህን ተከታተይ። በሽቦ ብሩሽ ይጥረግ፣ ዘይቱ በቲነር ይጠረግ፣ አንቲረስቱ በዚያው ቀን ይቀባ። ጠርጎ ለነገ ካሳደረው ሌሊት ጤዛ ይነካውና ዝገቱ ከሥር ይጀምራል። የበሩ የታችኛው ጠርዝ ሳይሰቀል ይቀባ፤ ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። ሲሰቀል ቤት ውስጥ የተበየደው ቦታ ቀለሙ ይቃጠላል። እሱም ተጠርጎ እንደገና አንቲረስት ይቀባ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል፤ ዓመት ሳይሞላ ቡናማ እንባ ይወርድበታል።


የጎሮዋ | ኅዳር 22

ከተሰቀለ ሳምንት አለፈው፤ የመጨረሻውን 30 ከመቶ ዛሬ ከፍያለሁ።

የተሰቀለ ዕለት ልጆቹን እህቴ ቤት ላክኋቸው፤ ነርሷ ያለችውን አልረሳሁም። አሮጌው በር ሲነቀል ጋሼ እንዳሉት ነው የሆነው። በኮለኑ በኩል ያለው ብረት በሁለት ምስማርና በሲሚንቶ ብቻ ነው የተለጠፈው። አሁን ከፌሮው ጋር ተበይዷል። ምጣዴን አልጣድኩም፤ ፍሪጁንም ነቅያለሁ። ከሥራው በኋላ ግማሽ ሰዓት ግቢውን ዞርኩ፤ የደረቀ ሣር ላይ አንዲት ፍንጣሪ ስትጨስ አግኝቼ ውሃ ደፋሁባት።

የመኝታ ቤቱ ቁልፍ በምስማር ተሰቅሏል። ትልቋን ልጄን መብራት አጥፍቼ ሦስት ጊዜ አስከፍቻታለሁ። ሦስተኛው ላይ እስከ ሃያ ስቆጥር ከፈተችው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛ የግቢውን በር በሌላው ገፋ አድርጋ ወጣች። ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም። እኔ ጋቢዬን ለብሼ እንደ ልማዴ ትከሻዬን አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር።


የአያቱ ልጅ | ኅዳር 22

እንኳን ደስ ያለሽ! የልጅቷን ስልክ ላኪልኝ፣ በረንዳዬን ለእሷ ልስጥ።


የጎሮዋ | ኅዳር 22

ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች። እዚህ መለጠፍ ስለማይሆን በውስጥ መልእክት እልክልሃለሁ። አሁን ሥራ በዝቶባታል፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ነው የምትደርስልህ።


ኮልፌ በያጅ | ኅዳር 23

በወር አንድ ጊዜ ማጠፊያውን ግራሶ ቀቢው። በተለይ ሰኔ ሳይገባ።


የጎሮዋ | ኅዳር 23

እሺ ወንድሜ። ገዝቻለሁ፤ መጋዘን በር ላይ አስቀምጫለሁ።